ቀለም የተቀባ የፍሪሲዮን ክዳን ሞተር ላይ መመለስ፦ ከእጥበቱ እስከ ሐረጎ ሙከራ

ደሴ ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሰው የቀኝ ጎን ክዳኑን፣ ማለትም ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) የሚሸፍነውን ክዳን፣ ቀለም ብዙ ጊዜ አያቆየውም። ፍሬን በረገጥን ቁጥር ጫማችን እዚያው ይታከካል። የክረምቱ ጭቃ እዚያው ይለጠፋል። ኮብልስቶን ላይ አንዴ ከወደቅን ደግሞ መጀመሪያ የሚፋቀው እሱ ነው።

እኔም ባለ 125 ሲሲ ሞተሬን ክዳን ፈትቼ፣ አሮጌው ቀለም እንዲለቅ አሸዋ አስረጨሁትና ጥቁር አስቀባሁት። ሲመለስልኝ ከካርቶን የወጣ አዲስ ዕቃ ነው የሚመስለው። ቀቢው ቅን ሰው ነው። «ውስጡንም አሳምሬ ቀብቼልሃለሁ፣ የኔ ወንድም» አለኝ ደስ ብሎት። አመስግኜ ወሰድኩት። ቤት ገብቼ ክዳኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳዞረው ግን የዘይት መሄጃዋ ቀዳዳ አፍ ላይ ቀለሙ እንደ ቆዳ ተወጥሯል። ጣቴን ውስጥ ሳስገባ ደግሞ አሸዋ ነካኝ።

ያን ቀን እንዲሁ ገጥሜው ቢሆን ኖሮ ሞተሬ ይነሳ ነበር፤ ድምፁም ደህና ይሆን ነበር። ከዚያ አሸዋው በዘይት ተጉዞ ኩሽኔታና ፒስቶን ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለብሎን ማጥበቁ ሳይሆን ለእጥበቱ ነው። ማጥበቁ የ15 ደቂቃ ሥራ ነው፤ እጥበቱ ግን ግማሽ ቀን ቢወስድ አይብዛባችሁ።

ክዳኑ ምን እንደሚሠራ

ክዳን ስለተባለ ብቻ መሸፈኛ እንዳይመስላችሁ። የፍሪሲዮን ሸራዎቹ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ያን ዘይት የሚይዘው እሱ ነው። በብዙ ሞተሮች ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ክንድ የተተከለው ክዳኑ ላይ ነው። የእግር ማስነሻው ዘንግ በክዳኑ ውስጥ አልፎ ይወጣል። በአንዳንዶቹ ደግሞ ከዘይት ፓምፑ የሚመጣው ዘይት በክዳኑ ግድግዳ ውስጥ በተበሳች ቀጭን መንገድ አልፎ ወደ ክራንክ ዘንጉ (ፒስቶኑ ወደሚያዞረው ዋና ዘንግ) ይገባል። ይቺ መንገድ ከተደፈነች ክራንኩ ያለ ዘይት ይዞራል። የእናንተ ሞተር ይህ መንገድ እንዳለውና እንደሌለው ከሁሉ በፊት እወቁ። ክዳኑን ገልብጣችሁ ጓርኒሲዮን (በክዳኑና በሞተሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ ወረቀት) የሚያርፍበትን ጠርዝ ተከትላችሁ እዩ። ብሎን የማይገባባት፣ ወደ ውስጥ የምትታጠፍ ትንሽ ቀዳዳ ካገኛችሁ እሷ ናት።

ቀለሙ በእርግጥ ደርቋል?

በእጅ ሲነካ መድረቁ በቂ አይደለም። የመኪና ቀለም ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ ለቀናት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምት ላይ ጉሙና ብርዱ ቀለሙን የበለጠ ያዘገዩታል። ኮምቦልቻ ወርዶ ያስቀባ ሰው በሙቀቱ ትንሽ ይጠቀማል። ለማንኛውም አንድ ሳምንት ያህል ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ የማይታይ ቦታ ላይ ጥፍራችሁን ጫን አድርጉ። ምልክት ከቀረ ጠብቁ። ያልበሰለ ቀለም ቤንዚን ጠብ ሲልበት ይሸበሸባል፤ ብሎን ሲጠብቅበትም ይጨመቃል።

በምድጃ የሚጋገረው የዱቄት ቀለም ከሆነ የተቀባው ይህ ስጋት የለም። እሱ የሚበስለው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ነው። ግን ያ ሙቀት የጎማ ዕቃን አይምርም። ሲሎቹ (ዘይት በዘንጎቹ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች) እና የዘይት ማያ መስታወቱ ሳይወጡ ከተጋገረ ሁሉንም በአዲስ ቀይሩ።

ቀለም መኖር የሌለበት ቦታ

ሥራው እዚህ ይጀምራል። 4 ቦታዎች ከቀለም ነጻ መሆን አለባቸው።

የመጀመሪያው ጓርኒሲዮን የሚያርፍበት ፊት ነው። ቀለም ካለበት ክዳኑ ስስ ፕላስቲክ ላይ እንደተቀመጠ ቁጠሩት። ሞተሩ ሲሞቅ ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ዘይት ይወጣል። በቲነር የራሰ ጨርቅና ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም የተሳለ እንጨት ተጠቅማችሁ አንሱት። ቢላዋና ካቻቪቴ አትጠቀሙ፤ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፣ አንድ ጭረት ለዘይት መንገድ ትሆናለች። ግራይንደር ደግሞ አይታሰብም።

ፊቱ ሲጸዳ ቀጥ ማለቱን ፈትኑ። ወፍራም የመስኮት መስታወት ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ። ላዩ ላይ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርሳችሁ አስተኙ። የክዳኑን ፊት ዙሪያውን በማርከር ቀቡና ክዳኑን ሳትጫኑ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ጥቂት ጊዜ አሹት። ማርከሩ በየቦታው እኩል ከለቀቀ ፊቱ ቀጥ ነው። አንድ ጥግ ላይ ካልተነካ እዚያ ጎድጉዷል። ትንሽ ከሆነ ቀስ እያላችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ወድቆ የተጣመመ ከሆነ ግን ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ጥቂት ጊዜ ብቻ ያልኩት በምክንያት ነው፦ ክዳኑ በቀጠነ ቁጥር ውስጥ ያሉት ዘንጎች መላወሻ ያጣሉ።

ሁለተኛው የብሎን ራስ የሚያርፍበት ክብ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። ራሱ ስር ወፍራም ቀለም ካለ ዛሬ ያጠበቃችሁት ብሎን ከሳምንት በኋላ ላልቶ ታገኙታላችሁ። ክቡን ብቻ በጥንቃቄ ፋቁት፤ የብሎኑ ራስ ስለሚሸፍነው አይታይም።

ሦስተኛው ቀዳዳዎቹ ናቸው፦ የብሎን ቀዳዳ፣ የሲል መቀመጫ፣ የክንዱ ዘንግ የሚዞርበት፣ እንዲሁም ባዶ ቱቦ የመሰሉት 2 ትንንሽ ፒኖች የሚገቡበት። እነዚህ ፒኖች ክዳኑን ትክክለኛ ቦታው ላይ የሚያስቀምጡ ናቸው። ቀዳዳቸው ውስጥ ቀለም ካለ ክዳኑ ገብቶ አይቀመጥም።

አራተኛው የክዳኑ ውስጥ በሙሉ ነው። ውስጥ ቀለም አያስፈልግም። ቀን ከሌት የሞቀ ዘይት እየተረጨበት ተልጦ ይወድቃል፤ የተላጠውም የዘይት ወንፊቱ ላይ ይሰበሰባል። እኔ የቀቢውን ድካም እያሰብኩ፣ እያዘንኩም ቢሆን፣ ሁሉንም አነሳሁት። ቀለም ማስለቀቂያ ከተጠቀማችሁ የውጪውን ገጽ በወረቀት ፕላስተርና በላስቲክ ሸፍኑ። ኮስቲክ ሶዳ ግን እንዳታስጠጉ። አሉሚኒየም ይበላል።

እጥበት

መጀመሪያ ደረቅ ብናኙን በኮምፕሬሰር አየር አስነፉ። ጎማ ቤት ሄዳችሁ ብትጠይቁ ማንም አይከለክላችሁም። መነጽር አድርጉ፤ ከቀዳዳ የሚወጣ አሸዋ ዓይን ያጠፋል።

ቀጥሎ ሙቅ ውሃና ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና። የጡጦ ማጠቢያ ብሩሽና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያዙ። የክዳኑ ውስጥ ማጠናከሪያ ክንፎች የሞሉበት ነው፤ በየክንፉ ጥግ አሸዋ ይደበቃል። አጥባችሁ ውሃውን በነጭ ሳህን ተቀበሉት። ሳህኑን አዘንብሉና ታችኛውን ጠርዝ እዩ። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ እንደገና እጠቡ። እኔ 5 ጊዜ አጥቤያለሁ፤ በአራተኛው እንኳ ጥቂት ነበረ።

የዘይት መንገዷ ብቻዋን ሥራ አላት። ብዙ ጊዜ ስለምትታጠፍ በብርሃን አሻግሮ ማየት አይቻልም። ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ግዙ፣ መርፌውን አስቀሩ። ነጭ ጋዝ ሙሉና ጫፉን ቀዳዳዋ ላይ ገጥማችሁ ግፉ። በሌላው ጫፍ በጉልበት ፊን ብሎ መውጣት አለበት። የሚንጠባጠብ ከሆነ አሁንም ደፋኝ አለ። ለስላሳ የመዳብ ሽቦ ሰዳችሁ አንቀሳቅሱ፣ አየር ንፉ፣ እንደገና ግፉ። ከዚያ በተቃራኒው ጫፍም ድገሙት፤ በአንድ በኩል ብቻ ሲገፋ መታጠፊያው ላይ የሚሸጎጥ አሸዋ አለ። በሁለቱም በኩል የሚወጣው ጋዝ ጠርቶ እስኪታይ ድረስ አትተዉት። ይህን ሁሉ ከከሰልና ከቡና ምድጃ ርቃችሁ፣ ደጅ ላይ ሥሩ።

በመጨረሻ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከወጣ አልቋል። አድርቁና ውስጡን ስስ የሞተር ዘይት ቀቡት። በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ሲልና ጎማ

ክዳኑ አንዴ ከወጣ የማስነሻውን ዘንግ ሲል፣ የፍሪሲዮኑን ክንድ ሲልና ያሉትን ክብ ጎማዎች ቀይሩ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ኋላ ክዳኑን ዳግም ከመፍታት ያድናችኋል። አሮጌውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ላዩ ላይ የውስጥ ስፋት፣ የውጪ ስፋትና ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፏል። በዓይን ግምት አትግዙ።

ሲል ሲገባ ቀጭን ሞላ ያለበት ጎኑ ወደ ዘይቱ፣ ማለትም ወደ ውስጥ ይዞራል። የሲሉን የውጪ ጠርዝ በሚያህል ቡሶላ (የብሎን ራስ ላይ የሚገባ ክብ ቁልፍ) ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ከክዳኑ ስር ወፍራም ፎጣ አንጥፉ፣ ቀለሙ እንዳይጫር። ከንፈሩን ግራሶ ቀቡ።

ሞተሩ በኩል

አሮጌውን ዘይት አፍስሱ። የኋላ ፍሬን መርገጫውን፣ የእግር ማሳረፊያውን፣ እንደ ሞተሩም የጭስ ቱቦውን ከመንገድ ዞር አድርጉ። እነዚህን ሳያነሱ ክዳኑን በጠባብ ቦታ ለማስገባት መታገል አዲሱን ቀለም ማበላሸት ነው።

ሞተሩ ላይ የቀረውን አሮጌ ጓርኒሲዮን ከማንሳታችሁ በፊት ፍሪሲዮኑንና ጊሮቹን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። ስንት ጨርቅ እንዳስገባችሁ ቁጠሩ፤ ስታወጡም ቁጠሩ። በድሮ ሞተሮች ጓርኒሲዮን ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በዘይት አርሳችሁ አንሱት እንጂ ደረቁን አትፈቅፍቁ፣ ብናኙንም አትንፉ። እዚህ ጋ ብርጭቆ ወረቀት ክልክል ነው። ከክዳኑ ያወጣነውን አሸዋ በሌላ በር መልሰን ማስገባት ይሆናል።

ጓርኒሲዮን

የሞተሩ ኦሪጅናል ጓርኒሲዮን ከተገኘ እሱን ግዙ። ለቦክሰርና ለቲቪኤስ ሞተር ሳይክሎች ማግኘት አይቸግርም። ለድሮ ሞተር ግን ብዙ ጊዜ ከወረቀት ጓርኒሲዮን መቁረጥ ግድ ይላል። ውፍረቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፤ አብዛኛው 0.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጫማ ካርቶን አይሆንም፣ ዘይት ይጠጣና ይበታተናል።

ለመቁረጥ የክዳኑን ፊት በጣት ስስ ዘይት ቀቡና ወረቀቱ ላይ አትሙት። ቅርጹ ከነቀዳዳው ይወጣል። አንዳንድ መካኒክ ወረቀቱን ክዳኑ ላይ አድርጎ በመዶሻ ጠርዙን እየመታ ይቆርጣል። አዲስ ቀለም ላይ ይህን አትፍቀዱ። በመቀስና በምላጭ ቁረጡ። የዘይት መንገዷን ቀዳዳ መብሳት እንዳትረሱ። እሷ ካልተበሳች ያ ሁሉ እጥበት ከንቱ ይቀራል።

ሲሊኮን ልጨምር ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ፊቱ ቀጥ ከሆነ አያስፈልግም። ጓርኒሲዮኑ ደረቅ ይግባ። ሲሊኮን በብዛት ሲቀባ ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይገባል፤ ተቆርጦ ሲወድቅ የዘይት ወንፊቱን ይዘጋል።

የብሎኖቹ ርዝመት

የክዳን ብሎኖች ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ስትፈቱ ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ስላችሁ እያንዳንዱን በየቦታው ከሰካችሁት ችግር የለም። ካልሰካችሁ መፍትሔ አለው። ክዳኑን ሳታጠብቁ ቦታው ላይ አስደግፉና ብሎኖቹን ሳታዞሩ በየቀዳዳቸው ክተቱ። ሁሉም ራሳቸው ከክዳኑ በእኩል ርቀት ወጣ ብሎ መታየት አለበት። አንዱ በጣም ከወጣ ረጅም ነው፤ መጨረሻው ሞተሩን ሊሰነጥቅ ይችላል። አንዱ በጣም ከገባ አጭር ነው፤ በጥቂት ጥርስ ብቻ ይይዝና ሲጠብቅ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር ገብቶ መያዝ አለበት። አንዱ ብሎን ላይ የመዳብ ሮንዴላ (ከራሱ ስር የሚገባ ስስ ቀለበት) ከነበረ እዚያው ቦታው ይመለስ፤ ያለምክንያት አልተደረገም።

የጃፓን ሞተር ባለመስቀል ራስ ብሎን ካለው በተራ ካቻቪቴ ራሱ ይበላል። በባለ 8 ቁልፍ ወይም በብሩጎላ (ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ያለው) ራስ ብሎን ቢቀየር እመርጣለሁ፤ ርዝመቱ እኩል እስከሆነ ድረስ።

መግጠም

2ቱ ፒኖች ሞተሩ ላይ መኖራቸውን አረጋግጡ። አንዳንዴ ከክዳኑ ጋር ወጥተው ቀለም ቀቢው ጋ ይቀራሉ። ጓርኒሲዮኑን ፒኖቹ ላይ ስቀሉት። የማስነሻው ዘንግ ላይ ሮንዴላ ካለ በግራሶ አጣብቁት፣ እንዳይወድቅ። የዘንጉን ጥርስ ደግሞ በስስ ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ስል ስለሆነ አዲሱን ሲል ይቀደዋል።

የፍሪሲዮኑ ክንድ ክዳኑ ላይ ከሆነ ትዕግሥት የሚፈልገው እዚህ ነው። በአንዳንዱ ሞተር ክንዱ የሚይዘው ጥርስ ያለው ዘንግ አለ፤ ጥርሱ ወደ ክንዱ ፊቱን ማዞር አለበት። በሌላው ደግሞ ክንዱ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ መግፊያው እዚያ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ክዳኑን እየገፋችሁ ክንዱን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱ። በትክክል ከያዘ ጥቂት ከሄደ በኋላ የሞላ ክብደት ይሰማችኋል። ዝም ብሎ ከተወዛወዘ አልያዘም፤ አውጡና እንደገና ሞክሩ።

ክዳኑ በእጅ መዳፍ ተገፍቶ ሙሉ በሙሉ መቀመጥ አለበት። ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ከቀረ በብሎን ጎትታችሁ ለመዝጋት አትሞክሩ። ውስጥ በትክክል ያልተገጣጠመ ጊር ወይም የወደቀ ሮንዴላ አለ ማለት ነው። የተሰነጠቀ ክዳን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሰነጠቀው።

ማጥበቅ

በብሎኖቹ ዙሪያ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ ቡሶላው ቀለሙን እንዳይነክስ። ሁሉንም በጣት አስገቡ። ከዚያ ከመሃል ጀምራችሁ አንዱን ከላይ፣ ቀጥሎ ተቃራኒውን ከታች እያላችሁ በ3 ዙር አጥብቁ። ለባለ 6 ሚሊ ሜትር የክዳን ብሎን የተለመደው ጥብቀት 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ቶርክ ሬንች የሚባለው ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ ከሌላችሁ፣ ቁልፉን ከብሎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይዛችሁ 10 ኪሎ የሚያህል ግፊት ስጡት፤ ያው ነው። ረጅም እጀታ አትጠቀሙ። ጥርሱ ከሄደ ሥራው ሌላ መልክ ይይዛል።

የፍሪሲዮኑን ገመድ መልሱና እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን ልል ቦታ ተዉለት። ቀለም የበዛበት ወይም ጓርኒሲዮኑ የተለወጠ ክዳን ይህን ልኬት ያዛባዋል፤ የድሮው ማስተካከያ ላይ አትተማመኑ።

ዘይትና የመጀመሪያ ማስነሳት

ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት ሞተሮች አብዛኞቹ 1 ሊትር ገደማ ይወስዳሉ፤ ትክክለኛውን ከመመሪያ ደብተሩ ወይም ከመለኪያ ዘንጉ አረጋግጡ። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ያለበት የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል።

የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ካንዴላውን አውጥታችሁ ከገመዱ ጋር አገናኙና ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩት፤ ቤንዚን ካለበት ቦታ ግን አርቁት። በእግር 20 ጊዜ ያህል ምቱት። ይህ ዘይቱን ወደየቦታው ያደርሳል። ከዚያ ካንዴላውን መልሱ፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ራስ) ላይ ያለውን የቫልቭ ማስተካከያ ክዳን ከፍታችሁ አስነሱና ለጥቂት ሰከንድ በዝግታ አስኪዱት። ዘይት መድረሱ በዓይን ይታያል። ካልደረሰ ወዲያው አጥፉ። የመፋተግ ድምፅ ከሰማችሁም አጥፉ።

ክዳኑን ዙሪያውን አድርቁና የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። 10 ደቂቃ ሲሠራ የሚያፈስ ቦታ ካለ ፓውደሩ ላይ ጠቁሮ ይወጣል።

የመጀመሪያውን ጉዞ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ባለው ከተማ ውስጥ አድርጉት እንጂ በቀጥታ ወደ ሐረጎ፣ ወደ ኮምቦልቻ ወደሚወስደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ አትውረዱ። ከክዳኑ የሚያፈስ ዘይት በነፋስ ተገፍቶ የኋላ ጎማ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የሐረጎ መታጠፊያ ላይ ዘይት የነካ ጎማ ምን እንደሚያደርግ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ማታ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ ፈትሹ። የላላ ካለ ወደ ልኩ ይመለስ።

በማግስቱ ደህና ከሆነ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ተመለሱ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መውጣቱ ላይ ሞተሩ በደንብ ይግላል፣ ዘይቱም ይቀጥናል፤ ደሴ ስትደርሱ ክዳኑ ስር ጣታችሁን አሳልፉ። ደረቅ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ይዟል።

አንድ የቀረ አለ። 300 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይህን ዘይት በንጹሕ ነጭ ሳህን አፍስሱት። ፀሐይ ላይ አዘንብላችሁ እዩ። የእኔ ሳህን ላይ ጥቂት የጓርኒሲዮን ክር ብቻ ነበር። አሸዋ ካያችሁ ግን አዲስ ዘይት ጨምራችሁ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ድገሙት፤ ወንፊቱንም አውጥታችሁ እጠቡ፣ ሳህኑ ንጹሕ እስኪሆን።